ላባ የለበሰ መንጠቆ

«ወንድምህን አሳልፈህ ሰጥተህ ያገኘኸውን ነፍጥ ዛሬ ደግሞ በበቅሎ ልትለውጠው ነው?» አለች ውብአለም፣ የምታንሾካሹክ መስሏት። ውብአለም ስትቆጣ ሹክሹክታዋ አጥር ይዘላል። እልፍኙን ከጓዳው የሚለየው ደግሞ ጭቃው ከረገፈ የቆየ የሸንበቆ ግድግዳ ነበር። ጓዳ ውስጥ፣ በጓሮ በር በሚገባው ብርሃን ላባ እየመረጠች የተቀመጠችው ጌጤ እጇ ላባው ላይ እንዳለ ቀረ። «ዝም በይ አንቺ ሴት!» አለ የውብአለም ባል ደሳለኝ፤ «ጌጤ ትሰማሻለች።» «ጌጤማ ገና በጎህ ጋፋት ወርዳለች። ብትሰማስ ማን ያምናታል? ይርጋ ጎተራ ውስጥ መደበቁን ለፊታውራሪው አሽከሮች የተናገርክ አንተ፣ ስሟ የጠፋ እሷ። እናትህ እንኳ እስከ ዛሬ አፋቸውን ከፍተው አያናግሯትም።» ከዚያ ወዲያ የተሰማው የደሳለኝ ሳል ብቻ ነው። ደሳለኝ መልስ ሲያጣ ይስላል።

ጌጤ አልጮኸችም፤ ዘላም አልገባችባቸውም። ከሁሉ አስቀድሞ የተሰማት፣ የሚገርም ነው፣ እፎይታ ነበር። ባሏ ይርጋ የደሳለኝ ታናሽ ወንድም ነው። ዘመቻ ላይ ሳለ ንዳድ ያዘውና ሳያስፈቅድ ከሰፈር ወጥቶ ቤቱ መጣ፤ ትኩሳቱ እስኪለቀው ብላ ጎተራ ውስጥ ሸሸገችው። በማግስቱ የጦር አለቃው የፊታውራሪው አሽከሮች መጡ። እልፍኙን አላዩም፣ ቆጡን አላዩም፣ በረቱን አላዩም፤ ቀጥ ብለው ጎተራው ጋ ሄዱ። ኮበለለ ተብሎ በአደባባይ ተገረፈ፤ ከግርፋቱ ሳይነሣ ሞተ። የቀብሩ ዕለት ደሳለኝ ደረቱን እየደቃ፣ «ምነው ጌጤ፣ ምንጭ ወርደሽ አፍሽን ባትከፍቺ ኖሮ!» ብሎ በለቀስተኛው መሀል ጮኸ። እናታቸው እማማ ማሬ ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት፤ ከዚያች ቀን ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሱላትም። ጌጤም ምንጭ ዳር ለማን ምን እንዳለች ስታስታውስ ኖረች። እንስራዬን አሸክሚኝ ካለቻት ሴት ጋር የተባባለችውን ሳይቀር አንድ በአንድ አበጠረችው። ምናልባት ፊቴ ተናግሮብኝ ይሆን እስከማለት ደርሳ ነበር። አሁን፣ ከሸንበቆው ማዶ፣ የገዛ ወንድሙ እንደሆነ ሰማች። እፎይታው ብዙ አልቆየም። ጥርሷን ስትነክስ መንጋጋዋ ሲንቋቋ ለራሷ ተሰማት።

አንድ ጣሪያ ስር፣ አንድ ምድጃ እየሞቁ አለመነጋገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። እማማ ማሬ መደባቸው ላይ ሆነው ውሃ ቢጠማቸው፣ ጌጤ እንስራው አጠገብ ቆማ ሳለች፣ «ውብአለም፣ ውሃ» ይላሉ። ውብአለም ደጅ ከሆነች ውብአለም እስክትመለስ ተጠምተው ይቆያሉ። ጌጤ ቀድታ ብትሰጣቸው ዋንጫውን ይቀበሉና ሳይጠጡ አጠገባቸው ያስቀምጡታል። መጀመሪያ ሰሞን ጓዳ ገብታ ታለቅስ ነበር። ኋላ ለቅሶው ቀረ፤ ነገሩ ግን አልቀረም። ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ሐሙሲት እንዳትሄድ ወላጆቿ ሞተዋል። ደግሞም እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሄዳ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱን የተቀበለች ይመስልባት ነበር። የቀረችው ከአሮጊቷ አፍ አንዲት ቃል ልትጠብቅ ነው። ምን ዓይነት ቃል እንደሆነ ራሷም አታውቅም፤ ስሟን ቢጠሩላት እንኳ በበቃት። ያን ማለዳ እማማ ማሬ ኪዳን ሊያደርሱ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበርና የውብአለምን ሹክሹክታ አልሰሙም። ጌጤ ብትነግራቸው አያምኗትም። እሳቸው ሊያምኑ የሚችሉት ከአንድ ሰው አፍ ከወጣ ብቻ ነው፤ ከደሳለኝ ከራሱ።

ጉልበቷ ላይ ሙዳይ ነበር። ሙዳዩን በአክርማ የሰፋችው ራሷ ናት፤ ከውስጡ የበግ ለምድ ቁራጭ ተነጥፎ በለምዱ ላይ የላባ ዝንቦች ተሰክተዋል። እንጀራዋ ይህ ነው። ጋፋት ሰፍረው ለንጉሡ መድፍ ከሚያቀልጡት ፈረንጆች መካከል ሙሴ ያኮብ የሚባል ጢሙ የቀላ ሰው አለ፤ የሥራ ፋታ ባገኘ ቁጥር ርብ ወንዝ ወርዶ አሳ ያጠምዳል። የሚያጠምደው ግን እንደ ሰው በትል ወይም በሥጋ አይደለም። በአገሩ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ጀርባው ነቁጥ ነቁጥ ያለበት አንድ ኩሩ አሳ አለ አሉ፤ ውሃ ላይ ያረፈ ዝንብ ካልሆነ በቀር አይነካም። ስለዚህ መንጠቆውን ላባ አልብሰው፣ ዝንብ አስመስለው ያታልሉታል። ሙሴ ያኮብ ጣቱ በብረትና በእሳት ደንዝዞ ክር አልታዘዝለት ሲል ስፌት የምትችል ሴት ፈለገ፤ ጌጤን አገኘ። ክሩን በጧፍ ሰም ታሸዋለች፤ መንጠቆውን በክሩ ትጠመጥማለች፤ ሆዱን የበግ ጠጉር ወይም የሰው ፀጉር ታለብሰዋለች። ከዚያ ከአውራ ዶሮ አንገት የተነቀለ ቀጭን ላባ አዙራ እንደ ክንፍም እንደ እግርም አድርጋ ታቆመዋለች። ለጥቁሩ ዝንብ የምትጠቀመው የራሷን ፀጉር ነው፤ ይርጋ ሲሞት ተላጭታ በጨርቅ ቋጥራ ያስቀመጠችውን። ሰው ቢያውቅ ጉድ ይላል፤ ግን ማንም አያውቅም፤ ቤተሰቡ እንኳ ለፈረንጁ ልብስ የምትሰፋ ነው የሚመስለው።

የሚያስቸግራት ዶሮው ነበር። ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚሻለው የገብስማ አውራ ዶሮ ላባ ነው፤ ነጭና ጥቁሩ ስለሚፈራረቅ ውሃ ላይ ሲወድቅ ነፍስ ያለው ይመስላል። ደብረ ታቦር ገበያ ተራ ቀይ ዶሮ በትንሽ ጨው ይገኛል። ገብስማ ግን የዛር ዶሮ ነው፤ አጥብቆ የሚፈልገው ዛር ያለበት ሰው ስለሆነ፣ የተቸገረ ደግሞ ስለማይከራከር፣ ሻጮቹ ዋጋውን ሰማይ ይሰቅሉታል። ጌጤ ገብስማ አውራ እያገላበጠች የአንገቱን ላባ ገልጣ ስታይ ዶሮ ሻጮቹ ይጠቃቀሱና፣ «ምስኪን፣ ከባሏ ሞት ወዲህ ዛሩ ጠናባት» ይባባላሉ። እሷም አትመልስላቸውም። ዛሬ ግን ያ የገበያ ሹክሹክታ ትዝ አላት፤ ትዝ ሲላትም ነገር መጣላት። የገብስማ ላባ፣ የሰው ፀጉር፣ ቀይ ሐር፣ ሰም፣ የታጠፈ ብረት። ጋፋት ላይ ይህ የአሳ ማጥመጃ ነው። ደሳለኝ እጅ ላይ ቢገኝ ግን መተት ነው፤ ያውም ሙያ ያለው ሰው በብዙ ድካም ያሰረው መተት።

ሙሴ ያኮብ ስለ ዝንብ ምርጫ ያስተማራት ብዙ ነገር አለ። ውሃው ሲደፈርስ ደማቁን፣ ሲጠራ ደብዛዛውን። የራበው አሳ ያገኘውን ይውጣል፤ የጠገበው የሚነክሰው ግን ሲናደድ ወይም ሲስገበገብ ነውና ዓይኑ ስር የሚያብለጨልጭ ነገር ጣልለት ይላል። ደሳለኝ የጠገበ ነው። የወንድሙን መሬት ያርሳል፣ የወንድሙን ነፍጥ ሰቅሎ ይተኛል፣ የወንድሙን ሚስት አስጠግቼ አኖራለሁ እያለ በየማኅበሩ ይመሰገናል። ጌጤ ለምዱ ላይ የተሰኩትን አንድ በአንድ ነካች። ግራጫው ትንሽ ነው፣ አያየውም። ቡናማው የደረቀ ቅጠል ይመስለዋል፣ አራግፎ ይጥለዋል። ቢጫው ያስቃል እንጂ አያስፈራም። ከዳር የተሰካው ትልቁ ግን ሆዱ በራሷ ፀጉር ተጠምጥሞ በቀይ ሐር የተቀነበበ፣ አንገቱ ላይ ገብስማ ላባ የነሰነሰ፣ አንዴ ገልጠው ካዩት ዓይን የሚይዝ ነበር። መንጠቆው ከፈረንጅ አገር የመጣ ነው፤ ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረ እሾህ ስላለው የገባበትን ሥጋ አይለቅም። ያን መረጠች። ስትመርጥ ልቧ ብዙ ጊዜ ያላገኘውን ስክነት አገኘ።

ደሳለኝ አውድማውን ሊያይ ወጣ። ውብአለም እያጉረመረመች እንስራዋን አዝላ ምንጭ ወረደች። ነፍጡ እልፍኙ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል፤ በአሮጌ ኩታ ተጠቅልሎ በጠፍር ታስሯል። ባለ በቅሎው ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ ደሳለኝ ዛሬ ሳይፈታው አይውልም። ጌጤ ገብታ ቆመች። ነፍጡ የይርጋ ነው፤ ኩታውም የይርጋ ነው፣ የሠርጋቸው ጊዜ የለበሰው። ከጠፍሩ ቋጠሮ ስር፣ የሚፈታው ሰው አውራ ጣቱን የሚያስገባበት እጥፋት ውስጥ፣ ዝንቡን ጫፉን ወደ ላይ አድርጋ ሸሸገችው። ከዚያ ሙዳይዋን አንሥታ በጓሮ በር ወጣች። ቁልቁለቱን ስትወርድ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ያገኘችውን ሰው ሁሉ እንዴት አደራችሁ እያለች ነበር የምትሄደው።

ጋፋት እንደ ወትሮው ጢስ በጢስ ነው፤ መዶሻው ጆሮ ያደነቁራል። ሙሴ ያኮብ ረጅም የማጥመጃ በትሩን ይዞ ደጅ ይጠብቃታል። «አንተ ጌጤ፣ ዘገየች!» አላት። አማርኛው ወንድና ሴትን እስከመለየት አልደረሰም፤ ጌጤም ማረሙን ከተወች ቆይታለች። ርብ ሲደርሱ ውሃው ጠርቶ ጠጠሩ ይታያል፤ ኅዳር ተጋምሶ የነቢያት ጾም ገብቷል፣ ማዶ ገበሬዎች ገብስ ያጭዳሉ። ፈረንጁ እንደ ልማዱ ወዲያው አልወረወረም። ተንበርክኮ ድንጋይ እየገለበጠ ምን ዓይነት ትንኝ እንደተፈለፈለ አየ፤ ውሃው ላይ ምን እንደሚያርፍ ተመለከተ። ከዚያ ሙዳዩን ከፍቶ ጣቱን ለምዱ ላይ አንሸራሸረ። «ትልቁ ቀይ የት ሄደ?» አለ። «አይጥ በላው» አለችው። ሳቀ። «አይጥ ብረት በላ?» «የኛ ቤት አይጥ የማይበላው የለም» አለችና ግራጫውን ትንሽ ዝንብ ነቅላ ሰጠችው። ለዛሬው ውሃ የሚሆነው እሱ ነበር፤ ፈረንጁም አልተከራከራትም።

በትሩ ሲወነጨፍ፣ ዝንቡ ውሃው ላይ ሲያርፍ ታያለች፤ ልቧ ግን እልፍኙ ምሰሶ ላይ ነው። ድንገት አንድ ነገር መጣባት። እማማ ማሬ ቢነኩትስ? አልፎ አልፎ ያን ኩታ ይዳስሱታል፤ ማንም የሌለ ሲመስላቸው አፍንጫቸው ላይ አድርገው ያሸቱታል። ጌጤ ብድግ አለች። ልትሮጥ ነበር። በዚህ መሀል ነጭ አሳ ነከሰ። በትሩ ጎበጠ፣ አሳው ሽቅብ ዘለለ፣ ወደ ጥልቁ ነጎደ፣ ተመልሶ ወደ ላይ መጣ። በሮጠ ቁጥር መንጠቆው ይበልጥ ይገባበታል። ጌጤ እንደቆመች ቀረች፤ ዓይኗን ልትነቅል አልቻለችም። ፈረንጁ ብዙ አድክሞ አወጣው፣ መንጠቆውን ነቀለ፣ መዳፉ ላይ ትንሽ አየውና መልሶ ውሃ ውስጥ ለቀቀው። «ለምን ለቀቁት?» አለች፣ ድምጿ ከፍ ብሎ። «ትንሽ ነው። ያሳዝናል።» «ካሳዘነዎ ለምን ያዙት?» ሙሴ ያኮብ ዝንቡን በእጅጌው አድርቆ እንደገና ወረወረ። ጌጤ ቀኑን ሙሉ በዚህ ነገር ተናደደች። የያዘ ሰው ይለቃል እንዴ! ስለ እማማ ማሬ ግን ስጋቱ አልለቀቃትምና ፀሐይ ዘንበል ማለት ስትጀምር አሞኛል ብላ ፈቃድ ጠየቀች። ዳገቱን ሩጫ በሚመስል እርምጃ ወጣችው።

ከደጃፉ ሰው ተሰብስቧል። ከአጥሩ ጥግ መድኃኒት አዋቂው ደብተራ ገብረሥላሴ ጎንበስ ብለው ቅጠል ይለቅማሉ፤ ወይም የሚለቅሙ መስለው ይታያሉ። ሲያዩዋት ቀና አሉ።

«ምን ተፈጠረ የኔታ?» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ማን ነው የተጎዳው?»

«ደሳለኝ ነው። ነፍጥ ሲፈታ አውራ ጣቱን አንድ ነገር ያዘው፤ በሳበው ቁጥር ወደ ውስጥ ይገባል። እሱ መተት ነው ይላል፣ ሰዉም መተት ነው ይላል። እኔም ነው ብያለሁ፤ ምን ላድርግ፣ የጠሩኝ ለዚያ ነው።» ዙሪያቸውን አዩና ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ግን ርብ ዳር ሥር ልምስ ስወርድ ፈረንጁን አየዋለሁ። ከኋላው ሙዳይ ይዛ የምትቀመጠውንም አያታለሁ። አሁን ንገሪኝ ልጄ፤ ይህ የታሰረው ለአሳ ነው ለሰው?»

ጌጤ ልትዋሽ አሰበች፤ ተወችው። «ሲታሰርስ ለአሳ ነበር» አለች። «ይርጋን ለአሽከሮቹ አሳልፎ የሰጠው እሱ ነው የኔታ። ዛሬ ማለዳ በጆሮዬ ሰማሁ።»

ደብተራው ጢማቸውን ያዙ። ይርጋን ዳዊት ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ፍትሐቱንም የደገሙለት እሳቸው ናቸው። ደሳለኝ ለወንድሙ ተዝካር ያቀረበው ጠላ ደግሞ ውሃ ውሃ ይል እንደነበር እስከ ዛሬ አልረሱለትም፤ ጨዋታ ሲነሣ ሳያነሡት አያልፉም። የለቀሙትን ቅጠል ከእጃቸው አራገፉት። «እንግዲያው መድኃኒቱ ምን ይሁን ልበለው?» አሉ።

«በእናቱ ፊት ይናገር። ሌላ መድኃኒት የለህም በሉት» አለች ጌጤ።

ደሳለኝ ግቢው መሀል መሬት ላይ ተቀምጧል፤ እጁን በሌላው እጁ ደግፎ እንደ ሕፃን አቅፎታል። አውራ ጣቱ አብጧል። ዝንቡ ጣቱ ላይ ቆሞ ላባው በነፋስ ይንቀሳቀሳል፤ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ደሳለኝ ፊቱን ያዞራል። ውብአለም ከንፈሯን እየነከሰች ዳር ቆማለች። ባለ በቅሎው በቅሎውን እየጎተተ ከሄደ ቆይቷል፤ መተት ያለበት ቤት ምን ይሠራል? እማማ ማሬ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ደህና ናቸው። ጌጤ እሳቸውን ደህና ስታይ ከሰዉ ኋላ ገባ ብላ ቆመች። ደብተራ ገብረሥላሴ ተንበረከኩ፤ በጥፍራቸው የሐሩን ጫፍ ፈልገው ፈቱት። ቀዩ ክር ተተረተረ፤ ከሥሩ ጥቁር ፀጉር ተጠምጥሞ ነበርና እሱም ተፈታ፣ ረዘመ፣ ደሳለኝ ጭን ላይ ወደቀ። ሰዉ በአንድ ድምፅ አማተበ።

«የማን ፀጉር ነው?» አለ ደሳለኝ። ማንም ስላልመለሰለት ራሱ መለሰው። «የይርጋ ሹሩባ ነው! ከኩታው ውስጥ ነው የወጣ! ይርጋ ነው የያዘኝ!»

«እኔ የማን ነው አላልኩም፤ ራስህ አልክ» አሉ ደብተራው በዝማሬ ድምፃቸው። «የያዘህ ነገር የሚለቅህ በወለደችህ ፊት እውነቱን ስትናገር ነው። ካልተናገርክ ከጣትህ ወደ ክንድህ፣ ከክንድህ ወደ ልብህ ይሄዳል። ምርጫው የራስህ ነው።»

ደሳለኝ ሳለ። ደግሞ ሳለ። ከዚያ እናቱን ሳያይ፣ ዓይኑን ፀጉሩ ላይ ተክሎ ተናገረው። ጎተራው ውስጥ እንዳለ ለአሽከሮቹ የጠቆምኩት እኔ ነኝ አለ። ፊታውራሪው ቀጥቶ ይለቀዋል ብዬ ነበር፣ ይገድለዋል አላልኩም አለ። ነፍጡን ለእኔ እንደሚሰጡኝ ነግረውኝ ነበር፣ ሰጡኝም አለ። ጌጤ ምንም አላወራችም፤ ሰው እኔን እንዳያይ ብዬ በእሷ ላይ ጮህኩ አለ። የእማማ ማሬ መቁጠሪያ ድምፅ ቆመ። ጌጤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ እንዲህ ያለ ደስታ ከሠርጓ ቀን ወዲህ አልተሰማትም።

ያን ጊዜ ነው ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ ወደ መሀል የገባችው። አጠገቡ ተቀመጠችና ሙዳይዋን ከፍታ ትንሽ ጉጠት አወጣች። እንዲህ ያለ መንጠቆ ወደ ኋላ ሲስቡት አይወጣም፤ ሙሴ ያኮብ የራሱን ጆሮ በወጋ ጊዜ አሳይቷታል፤ ወደ ፊት ገፍቶ፣ ጫፉን በሌላ በኩል አውጥቶ፣ እሾሁን መቁረጥ ነው። ወደ ፊት ገፋችው። ቀስ ብላ ነበር የምትገፋው፣ ከሚያስፈልገው በላይ ቀስ ብላ። ደሳለኝ ጮኸ። ጫፉ ብቅ ሲል በጉጠቱ ቆረጠችና የቀረውን መዝዛ ጣለችው። ደሳለኝ እፎይ ብሎ ዓይኑን ሲገልጥ ፊት ለፊቱ ያየው የተከፈተውን ሙዳይ ነው፤ ለምዱ ላይ የተሰኩት ግራጫ፣ ቡናማና ቢጫ ዝንቦች ተሰልፈው ያዩታል። ሙዳዩን አየ፣ መሬት ላይ የወደቀውን አየ፣ የጌጤን ፊት አየ። አፉ ተከፈተ፤ ነገር ግን ምን ይበል? ቃሉ ከአፉ ወጥቷል፤ ሰፈር ሙሉ ሰምቶታል። ጌጤ ክዳኑን ገጠመችና ተነሣች።

ሰዉ ከደሳለኝ ፈቀቅ ማለት ጀምሮ ነበር። ትናንት አውድማው ላይ አብሮት የዋለ ጎረቤት እንኳ ጀርባውን ሰጠው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ድንጋይ ተሸከም። ከእግሯ ስር ውደቅ። ሌላ መንገድ የለህም» አለው። እንደዚያ ነው ደንቡ። የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበደለው ደጅ ይንበረከካል፤ ድንጋዩን የሚያወርድለት የተበደለው ሰው ብቻ ነው። ካወረደለት ቂሙ ቀረ፤ በሰው መሀል ተመልሶ ይቆጠራል። ተለምኖ የማያወርድ ክርስቲያን ደግሞ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። ደሳለኝ ከአጥሩ ሥር ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ፣ ደሙ እየተንጠባጠበ፣ በጓዳው በር ፊት ተንበረከከ። ጌጤ ሄዳ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። «ስለ ማርያም ማሪኝ» አለ። «ስለ ኪዳነ ምሕረት።» አንገቱ ከድንጋዩ ስር ተደፍቶ ፊቱ አይታይም። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ለመኑ፣ «አውርጂለት ልጃችን። ለእግዚአብሔር ስጪው።» ጌጤ ፊቷን ወደ ጓዳው አዞረች። ደግመው ለመኗት፣ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ደብተራ ገብረሥላሴ ራሳቸው፣ «ይበቃዋል» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። የደሳለኝ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

እማማ ማሬ ከተቀመጡበት ተነሡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ከልጃቸው አልፈው ጌጤ ፊት ቆሙና ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ከንፈራቸው ሁለት ጊዜ ተላቆ ሁለት ጊዜ ተገጠመ።

«ጌጤ» አሉ።

ጌጤ የገዛ ስሟን እንደ አዲስ ነገር ሰማችው። ዓይኗ እንባ ሞላ። ተነሥታ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ነበር።

«ጌጤ፣ በድዬሻለሁ። አውርጂለት» አሉ እማማ ማሬ። «ሌላ የለኝም።»

እንባዋ እዚያው ደረቀ። ስንት ክረምት የጠበቀችው ቃል መጣ፤ የመጣው ግን ለእሱ ሊለምን ነው። «እኔም ከይርጋ ሌላ አልነበረኝም፣ እማማ» አለች፣ ድምጿን ሳታነሣ። «አላወርድም።»

ግቢው አጉረመረመ። እማማ ማሬ ግን አልተቆጡም፤ የሰሙትን ያመኑም አይመስሉም ነበር። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ መሬቱን በእጃቸው ተደግፈው ከልጃቸው ጎን ተንበረከኩና ቀጭን ትከሻቸውን ከድንጋዩ ስር አስገቡ። ደሳለኝ፣ «ተይ እናቴ፣ ተይ» እያለ አለቀሰ። ሴቶቹ፣ «ኧረ ጌጤ! ኧረ በማርያም!» እያሉ ጮኹ፤ ውብአለም ልታነሣቸው ሮጣ ሽማግሌዎቹ ያዟት። የአሮጊቷ ጉልበት ጠጠሩ ላይ ይንሸራተታል። ጌጤ አየች። እጇ ከጉልበቷ ተነሥቶ ወደ ድንጋዩ ሊዘረጋ ሲል አንዱን በሌላው ያዘችው፣ አጥብቃ ያዘችው፣ አልዘረጋችውም።